ኳሱ መሃል ያለው ሰው

ሁለቱ ተነጋጋሪዎች ለዚህ ጽሑፍ የተፈጠሩ ናቸው። ሠዓሊዋ በህትመት ጥበብ የምትሠራ ወጣት ናት። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦሜትሪ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቷ ናቸው። ጨዋታቸው ስለ ሆላንዳዊው የግራፊክ ሠዓሊ ስለ ማውሪትስ ኮርኔሊስ ኤሸር (1898–1972) ነው፤ በተለይም ኤሸር ራሱን ስለሠራባቸው ሥራዎች። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሠዓሊዋ፦ ጋሼ፣ ቀድሜ ልንገርዎትና ይውጣልኝ፤ እኔ ኤሸርን ብዙም አልወደውም።

መምህሩ፦ ደግ ነው። ከተስማማን ምን እንጫወታለን? ምን አደረገሽ?

ሠዓሊዋ፦ ብልጠቱ ይበዛብኛል። ቁልቁል ፈስሶ ተመልሶ አናቱ ላይ የሚገኝ ፏፏቴ፣ ሲወጡት ውለው የተነሱበት የሚያደርስ ደረጃ፤ ሰው አፉን ይይዝና ያልፋል። የራሱን መልክ ሲሠራ እንኳ ፊቱን አይመረምረውም። ሬምብራንትን ይመልከቱ፤ ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው ፊቱ ላይ የደረሰውን ሁሉ ትቶልን ሄዷል። ኤሸር ግን መስታወት ይዞ ይጫወታል።

መምህሩ፦ መልኩን ብቻ የሠራባቸውስ? የ1929ኙ ሊቶግራፍ አለ፣ የ1943ቱም አለ።

ሠዓሊዋ፦ አሉ። እጁ የተፈታ ሰው ሥራዎች ናቸው፤ ጺሙም ዓይኑም በቦታው ነው። ግን በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ይህን ያህል መሥራት የሚችል የህትመት ሠዓሊ ሞልቶ ነበር። የኤሸር ባይሆኑ ዛሬ ማን ያነሳቸው ነበር?

መምህሩ፦ በዚህስ አልሟገትሽም። እኔ የምለው፣ ሰውዬው ራሱን ያገኘው መልኩን መፈለግ ሲተው ነው። «ምን እመስላለሁ?» ማለቱን አቁሞ «የት ነው ያለሁት?» ብሎ የጠየቀ ዕለት። ይህኛው ጥያቄ የእኔ ትምህርት ነው፤ የጂኦሜትሪ ነው።

ሠዓሊዋ፦ የ1935ቱን «እጅ ከሚያንጸባርቅ ሉል ጋር» ማለትዎ ነው።

መምህሩ፦ እሱን ነው። እስቲ ይህቺን ያዢልኝ።

ሠዓሊዋ፦ የገና ዛፍ ጌጥ?

መምህሩ፦ የልጅ ልጄ ጌጥ ናት፤ ዛፉ ሲፈርስ እኔ ዘንድ ቀረች። በጣቶችሽ ጫፍ ያዢና እጅሽን ዘርጊ። ምን ይታይሻል?

ሠዓሊዋ፦ ራሴን፣ ሚጢጢ ሆኜ። መስኮቱ፣ መደርደሪያው፣ ጣሪያው፣ ሁሉም ጎብጧል። እርስዎም ጠርዙ ጋ ተለጥጠው ይታያሉ።

መምህሩ፦ ጭንቅላትሽን ወደ ግራ ውሰጂው። ከመሃል ወጣሽ?

ሠዓሊዋ፦ አልወጣሁም። ክፍሉ ነው የዞረው።

መምህሩ፦ ብትቆሚም፣ ብትቀመጪም፣ ወንበር ላይ ብትወጪም ያው ነው። ከዓይንሽ ተነስቶ ወደ ኳሱ እምብርት የሚያመራ መሥመር የኳሱን ገጽ በ90 ዲግሪ ያገኘዋል። በ90 ዲግሪ የመታ ብርሃን ደግሞ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ የክቡ መሃል ላይ ሁልጊዜ የሚገኘው የሚያየው ዓይን ነው። ኳሷን ለእኔ ከሰጠሽኝ መሃሉ የእኔ ይሆናል። ኤሸር ይህን አስተውሎታል። ስለዚህ ሥራው ሲያስረዳ፣ ምንም ያህል ቢዟዟር በሁለት ዓይኖቹ መካከል ያለችው ነጥብ ከመሃል ንቅንቅ እንደማትል፣ «እኔ» የሚለው ነገርም የዓለሙ እምብርት ሆኖ እንደሚቀር ጽፏል።

ሠዓሊዋ፦ ቆይ፣ ቆይ ጋሼ። እርስዎ «የሚያየው ዓይን» አሉ፤ እሱ «በሁለት ዓይኖቼ መካከል» አለ። አንድ አይደሉም። ይኸው፣ ግራ ዓይኔን ስጨፍን መሃል ላይ የተገኘው ቀኝ ዓይኔ ነው። ቀኙን ስጨፍን ደግሞ ግራው መሃል ገባ።

መምህሩ፦ ጎበዝ! ሒሳቡ የሚያውቀው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ሁለት ዓይን ያለው ሰው ሁለት መሃል አለው።

ሠዓሊዋ፦ እሱ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ የአፍንጫው ሥር ላይ አሳረፈው። አንዱን ዓይን መሃል ቢያደርግ ለሒሳቡ ትክክል ይሆን ነበር፤ ፊቱ ግን ወደ አንድ ጎን የተገፋ ይመስልበታል። ለመልኩ ሲል ዋሸ።

መምህሩ፦ ዋሸ አትበይ፣ አማካይ ወሰደ በይ።

ሠዓሊዋ፦ እሺ፣ አማካይ ወሰደ። የሥዕል ውሳኔ ግን ነው። አሁን እኔ ልጠይቅዎት፤ ህትመቱ ላይ ኳሱን የያዘው የትኛው እጅ ነው?

መምህሩ፦ ግራ እጅ።

ሠዓሊዋ፦ የሥራው መንገድ ሊቶግራፍ ነው፤ አሎይስ ዜኔፌልደር የሚባል የጀርመን ሰው በ1790ዎቹ መጨረሻ ያገኘው። ልሙጥ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይሣላል። ድንጋዩ ውሃ ይጠጣል፣ ቅባቱ ውሃ አያስጠጋም፤ ቀለም የተቀባ ሮለር ሲሄድበት ቀለሙን የሚይዘው የተሣለበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ወረቀት ይነጠፍበትና ማተሚያው ይጫነዋል። ወረቀቱ ሲነሳ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ እኛ ግራ ብለን የምናየው እጅ ድንጋዩ ላይ ቀኝ ነበር። ኤሸር ግራኝ ነው፤ በግራው እየሣለ በቀኙ ኳሱን ይዟል። ይህንንም ራሱ ተናግሮታል።

መምህሩ፦ ቆይማ። ኳሱ ውስጥ ያለውስ ሰውዬ? እሱን መጀመሪያ መስታወቱ ገለበጠው፣ ቀጥሎ ድንጋዩ ገለበጠው።

ሠዓሊዋ፦ ሁለቴ የተገለበጠ ይቃናል።

መምህሩ፦ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ነው! ታዲያ ውጭ ያለው፣ በአካል አለ የምንለው ትልቁ እጅ ነው የተገለበጠው። ነጸብራቅ ነው የምንለው ትንሹ ሰውዬ ግን ባልንጀሮቹ በሚኖርበት በሮም ጎዳና ላይ እንደሚያዩት ሆኖ ተቀምጧል።

ሠዓሊዋ፦ እንዲያ ነው። ማናችንም የራሳችንን ፊት እንዲያ አናየውም፤ ቤታችን ያለው መስታወት የሚያሳየን ተገልብጦ ነው። ስለዚህ ይህ ህትመት ለሠዓሊው ራሱ እንግዳ ፊት ነው። ይህቺ ነገር ደስ ትለኛለች፤ እጄን እየሰጠሁ እንዳይመስልዎት እንጂ።

መምህሩ፦ አልመሰለኝም። አሁን ክቡን በልክ እንየው። ከመሃል ወደ ጠርዝ ስትሄጂ የኳሱ ገጽ እየዘመመ ይሄዳል። በ10 ዲግሪ ሲዘም ብርሃኑን በ20 ያጥፈዋል፤ በ45 ሲዘም በ90። ይህ የ45 ዲግሪ ቦታ ከመሃሉ የሬዲየሱን 7 አሥረኛ ያህል ይርቃል። እዚያ ላይ ክብ ብታሠምሪ ስፋቱ የጠቅላላው ክብ ግማሽ ነው። በውስጠኛው ግማሽ የሚታየው አንቺ ካለሽበት ወገን ያለው ዓለም ነው፤ አንቺ፣ ወንበርሽ፣ ከጀርባሽ ያለው ግድግዳ። በውጭኛው ቀለበት የሚታየው ከኳሱ ወዲያ ያለው ነው። ዓይን ከኳሱ ራቅ ካለ፣ ኳሱ ከሚጋርደው ጥቂት በስተቀር የዓለሙ ግማሽ በክቡ ግማሽ፣ ሌላው ግማሽ በቀረው ይሰፍራል። የካርታ ሰዎች ይህን ስሌት ያውቁታል። ዮሐን ሃይንሪሽ ላምበርት በ1772 ያወጣው፣ የአገሮችን የቆዳ ስፋት ሳያዛንፍ ምድርን ወደ ክብ የሚያወርደው አሣሣል ይኸው ነው።

ሠዓሊዋ፦ ቅርጹ ግን ይጎብጣል። ይኸው መስኮቱ ሙዝ መስሏል።

መምህሩ፦ ስፋትንና ቅርጽን አንድ ላይ ጠብቆ ሉልን ጠፍጣፋ ላይ ማውረድ አይቻልም። ኳስ ስፋትን መርጣለች።

ሠዓሊዋ፦ እንግዲያው ያ ክፍል ለእኔ ሌላ ነገር ነው። ሥራው የተሠራው በጃንዋሪ 1935 ነው፤ የሚታየውም ሮም የነበረው ቤቱ ነው። ኤሸር ከ1923 ጀምሮ ሮም ኖሯል፣ በ1924 ዬታ ኡሚከርን አግብቷል፣ ልጆች ወልዷል። ከዚያ ፋሺዝም ቤቱ ድረስ መጣ፤ የመጀመሪያ ልጁ ጆርጅ ትምህርት ቤት የሙሶሊኒን የልጆች ጓድ ዩኒፎርም እንዲለብስ ተደረገ። በዚያው ዓመት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። መቼስ ያ ዓመት ለኛ ምን ዓመት እንደሆነ አልነግርዎትም፤ በኦክቶበር ያው ሙሶሊኒ ጦሩን ወደዚህ አዘመተ። እርስዎ ኳሱ ውስጥ የካርታ ስሌት ያያሉ፤ እኔ ለቆት ሊሄድ ወራት የቀሩትን ቤት ሙሉውን፣ ጣሪያ ወለሉ ሳይቀር፣ በእጁ የያዘ ሰው አያለሁ።

መምህሩ፦ ጃንዋሪ ላይ እንደሚለቅ ያውቅ ነበር?

ሠዓሊዋ፦ እሱን አልልም። ክፍሉን በሙሉ መያዝ የሚችል ሥዕል ሌላ የለም ነው የምለው። ልክ ያደረገው ደግሞ የእርስዎ ስሌት ነው፤ ይኸው አመሰገንኩዎት።

መምህሩ፦ ተቀብያለሁ። ግን በጉብ መስታወት ራሱን የሠራ እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

ሠዓሊዋ፦ አይደለም፤ ፓርሚጃኒኖ አለ። በ1524 ገደማ፣ ገና ለጋ ወጣት ሆኖ፣ ጎበጥ ያለ ጣውላ አስጠርቦ በላዩ ላይ ራሱን በጉብ መስታወት እንደታየ ሠራ። ዛሬ ቪየና ነው ያለው። እጁ ለመስታወቱ ስለቀረበ ከፊቱ ይገዝፋል። የሱ ሥዕል ግን መስታወቱን ራሱን ሆኗል፤ የያዘው የለም፣ የቆመበት የለም። ኤሸር አንድ ነገር ጨመረ፤ የያዘውን እጅ። ስለዚህ አንዱ እጅ ሁለቴ አለ፤ አንዴ በውጭ፣ አንዴ በውስጥ። ጣቶቹ ኳሱን በነኩበት ቦታ ደግሞ እጁና የእጁ ነጸብራቅ ይገናኛሉ። እዚያ ላይ ቀርበው ይዩት፤ እርሳሱ የት ላይ ሥጋን ትቶ የት ላይ መስታወትን እንደጀመረ ለመለየት ይቸግራል።

መምህሩ፦ እንዲህ እያልሽ ነው የማትወጂው?

ሠዓሊዋ፦ ይህን አንዱን እወደዋለሁ። አሁን እርስዎ ይመልሱልኝ፤ ሒሳብ ያውቅ ነበር? ብዙ ሰው የሒሳብ ሊቅ ያደርገዋል።

መምህሩ፦ አያውቅም። በትምህርት ቤት ደካማ ነበር፤ የመጨረሻውን ፈተና ወድቋል። አባቱ መሐንዲስ ናቸው፤ ሃርለም የላኩት ሥነ ሕንፃ እንዲማር ነበር። እዚያ ሳሙኤል የሱሩን ደ ሜስኪታ የሚባል የግራፊክ መምህር ሥራዎቹን አይቶ ወደዚህ ሙያ አዞረው። ሒሳብ የመጣው ኋላ ነው፤ በ1922ም በ1936ም ግራናዳ ሄዶ በአልሐምብራ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ያሉትን ጌጦች ካየ በኋላ። ጆርጅ ፖያ የሚባል የሒሳብ ሰው በ1924 ያወጣውን ጽሑፍ የጠቆመው የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር የነበረው ወንድሙ ነው። ጽሑፉ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ እየተደጋገመ የሚሄድ ጌጥ 17 ዓይነት ሥርዓት ብቻ እንዳለው ያሳያል። ኤሸር ማረጋገጫውን አልተከተለውም፤ ሥዕሎቹን ገለበጠ፣ ከዚያ በራሱ መንገድ ሄደ። የካናዳው የሒሳብ ሊቅ ኮክስተርም ኋላ አንድ ጽሑፍ ሲልክለት የጠቀመው አንዱ ሥዕል ነው፤ ቃሉ አልገባውም። ከዚያ ሥዕል «የክብ ወሰን» የሚባሉት አራት ህትመቶች ወጡ። ኮክስተር በ1979 ሦስተኛውን ለክቶ ምንም ስህተት አላገኘበትም።

ሠዓሊዋ፦ ያልተማረውን ሒሳብ ያለስህተት ሠራ!

መምህሩ፦ በኮምፓስና በማስመሪያ። እኔ በክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ቀመሩን ሸምድዶ ምን እንደሚል የማያውቅ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው፣ የሚለውን አውቆ ቀመሩን የማያውቅ፣ እምብዛም አይገኝም።

ሠዓሊዋ፦ ደ ሜስኪታን ካነሱ አይቀር «ዓይን» የሚለውን ላምጣ። የ1946 ሥራ ነው፣ ሜዞቲንት። በጉድጓዳ የጺም መላጫ መስታወት የራሱን ዓይን አጉልቶ ነው የሠራው።

መምህሩ፦ ያ የኳሱ ተገላቢጦሽ ነው። ጉብ መስታወት ዓለሙን ሁሉ ሰብስቦ ሰውየውን ያሳንሳል፤ ጉድጓዳው፣ ቀረብ ካልሽው፣ ዓለሙን አስወጥቶ አንዲት ዓይን ብቻ ያገዝፋል።

ሠዓሊዋ፦ ሜዞቲንት ደግሞ የሚሠራው ከጨለማ ነው። የመዳብ ሰሌዳው በጥርሳም መሣሪያ ዳር እስከ ዳር ይሻከራል፤ እንዲያ ቢታተም ወረቀቱ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ብርሃን የሚፈለግበት ቦታ እየተፋቀ ይለሰልሳል። ሽፋሽፍቷ፣ እንባ ማቆሪያዋ፣ የቆዳው እጥፋት ሁሉ ከጥቁሩ ተፍቆ የወጣ ነው። አድካሚ ነው፤ ኤሸር በሕይወቱ ስምንት ብቻ ሠርቶ ተወው። በዓይኑ ብሌን ውስጥ ያስቀመጠው የራስ ቅል ነው። አሁን የእኔ ግምት ይኸውልዎ። ደ ሜስኪታ አይሁዳዊ ነበር። በ1944 መጀመሪያ ናዚዎች ከሚስቱ ጋር ወስደው አውሽቪትስ ገደሉት። ኤሸር ሊጠይቀው ሄዶ ቤቱን ተበርብሮ አገኘው፤ ወለል ላይ የተበተኑትን ሥራዎች ሰብስቦ አተረፈ። ከመካከላቸው የወታደር ጫማ ምልክት ያለበትን አንዱን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አስቀምጦታል። ይህ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ዓይኑን የሠራው።

መምህሩ፦ ስለ መምህሩ ነው ብሏል?

ሠዓሊዋ፦ ሁላችንም ፊት ለፊት የምንገናኘው ሞት ነው፣ ብሎ ነው ያለፈው። እኔም ግምት ነው ያልኩት። በብሌን ውስጥ የሚታየው ግን ከዓይኑ ፊት የቆመው ነገር ነጸብራቅ ነው፤ ይህንን እርስዎም አይክዱኝም። በሕጉ መሠረት እዚያ መታየት የነበረበት መስታወቱና ሰውየው ናቸው። ራሱን አውጥቶ በቦታው ሌላ አስገባ። ሒሳቡን አውቆ ጥሶታል፤ የጣሰበት ቦታ ላይ ነው ሥራው የሚናገረው።

መምህሩ፦ በዚያው ዓመት «ሦስት ሉሎች፣ ቁጥር ሁለት»ም አለ። ሦስት ኳሶች ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ አንዱ ብርሃን ያሳልፋል፣ አንዱ ድፍን ነው፣ የመሃሉ መስታወት ነው። በመሃሉ ውስጥ ኤሸር ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ ሦስቱን ኳሶች ይሥላል። የሚሥለው ወረቀት ላይ የመሃሉ ኳስ አለ፤ እሱ ውስጥ ደግሞ የሚሥል ኤሸር መኖር አለበት፤ እሱም ወረቀት ይዟል...

ሠዓሊዋ፦ ድንጋዩ ግን ቅንጣት አለው። የእርሳሱ ጫፍ ከቅንጣቱ አያንስም። ሁለተኛው ላይ ነጥብ ይሆናል፣ ሦስተኛው የለም።

መምህሩ፦ በሒሳብ ግን አይቆምም። ስቴፋን ባናክ የሚባል የፖላንድ ሰው በ1922 ያሳተመው አንድ ቲዎረም አለ። የአዲስ አበባን ካርታ ወስደሽ አዲስ አበባ ውስጥ ወለል ላይ ብትዘረጊው፣ እንደፈለገው ቢጣመም፣ ካርታው ላይ ካሉት ነጥቦች አንዷ፣ አንዷ ብቻ፣ በትክክል በምታመለክተው ቦታ ላይ ታርፋለች። እያነሰ ራሱን የሚደግም ነገር ሁሉ እንዲህ ያለች የማትንቀሳቀስ ነጥብ አለችው። ሥዕል በሥዕል ውስጥ፣ ያም በሌላ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ወደዚያች ነጥብ ይወርዳል። ለዚህ ነው ኤሸርን ስመለከት ፊቱን ትቼ ነጥቧን የምፈልገው።

ሠዓሊዋ፦ «የሚሣሣሉ እጆች»ስ? የ1948ቱ።

መምህሩ፦ እዚያ ነጥብ የለም፤ ዑደት ነው። አንዱ እጅ ሌላውን ይሥላል፣ ሌላው አንዱን። ሁለቱን የሣለው ሦስተኛ እጅ ከወረቀቱ ውጭ ነው።

ሠዓሊዋ፦ እሱን ሸሚዝ ላይ ብዙ ጊዜ ስላየሁት ዓይኔ ደክሟል፤ እንለፈው። የ1956ቱን «የአንድነት ማሰሪያ»ንም እንዲሁ። የእሱና የዬታ መልክ ነው ይባላል፤ ሁለት ራሶች እንደ ተላጠ የብርቱካን ልጣጭ ከአንድ ጥብጣብ ተጠቅልለው ግንባር ላይ ይያያዛሉ። ቆንጆ ነው፤ ግን ሐሳቡን በአንድ ዕይታ ጨርሶ ይሰጣል። በዚያው ዓመት የሠራው «የህትመት ኤግዚቢሽን» ነው የሚያከራክረን።

መምህሩ፦ እስቲ አንቺ ግለጪው።

ሠዓሊዋ፦ አንድ ወጣት በጋለሪ ውስጥ ቆሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ህትመት ያያል። ህትመቱ ላይ ባሕር፣ መርከብና ከተማ አለ፤ ከተማዋ የማልታዋ ሴንግሊያ ናት። ዓይን ህትመቱን ተከትሎ ሲዞር ቤቶቹ እየገዘፉ ይሄዳሉ። ከአንዱ ቤት ሥር የጋለሪ በር አለ፤ ጋለሪው ውስጥ ያው ወጣት ቆሟል። የሚያየው ሥዕል ውስጥ ነው ያለው። ሁሉም የሚዞርበት መሃል ላይ ደግሞ ነጭ ባዶ ቦታ ተትቷል፤ በዚያ ውስጥ ፊርማው አለ።

መምህሩ፦ ያቺ ባዶ ቦታ የሒሳብ ሰዎችን እንቅልፍ ነስታለች። ኤሸር መጀመሪያ ያዘጋጀው መደብ፣ ማለትም የተጠማዘዙ ካሬዎች መረብ፣ በአንዱ ጎን ስትሄጂ ነገሩን 4 እጥፍ ያሳድጋል። አራቱን ጎን ስትጨርሺ 4 በ4 በ4 በ4፣ 256 እጥፍ ሆኖ የተነሳሽበት ትደርሻለሽ። የላይደን ዩኒቨርሲቲው ሄንድሪክ ሌንስትራ ሥዕሉን አውሮፕላን ውስጥ መጽሔት ላይ አይቶ፣ መሃሉ ላይ ምን መኖር ነበረበት ብሎ ጠየቀ። ከባርት ደ ስሚት ጋር ሆነው ነገሩን ፈቱና በ2003 አሳተሙት። ጠማማውን ሥዕል በሎጋሪዝም ወደ ቀጥተኛ መለሱት፤ የጎደለውን ሠዓሊዎች ሞሉላቸው፤ ከዚያ መልሰው ጠመዘዙት። ባዶው ቦታ ምን እንዳለበት ታወቀ፤ ሥዕሉ ራሱ አለበት፣ 157.6 ዲግሪ ያህል ዞሮ፣ 22.58 ጊዜ ያህል አንሶ። በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ፤ መጨረሻ የለውም። ኤሸር ይህን ሁሉ በእርሳስ ሲሠራ ከትክክለኛው ስሌት የራቀው ጥቂት ነው።

ሠዓሊዋ፦ ታዲያ የሚወርዱበት ነጥብ፣ ያቺ የባናክ ነጥብ፣ የት ናት?

መምህሩ፦ መሃል ላይ፤ ነጩ ውስጥ።

ሠዓሊዋ፦ ፊርማው ካለበት።

መምህሩ፦ ከፊርማው ጋ፣ አዎ።

ሠዓሊዋ፦ አያዩም ጋሼ? ሌሎቹ ህትመቶቹ ላይ ፊርማው ጥግ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ምልክት ነው፤ ሦስቱ የስሙ መነሻ ፊደላት። እዚህ መሃል አስገባው። በ1935 ኳሱ መሃል ዓይኖቹን አደረገ፤ ከ21 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ስሙን አደረገ። እርስዎ «የት ነው ያለሁት?» ብሎ ጠየቀ አላሉኝም? ይህ ራሱን የሠራበት ሥራ ነው፤ ፊት የለበትም እንጂ።

መምህሩ፦ ወይም ደክሞታል። መሥመሮቹ እየተጠጋጉ ሄደው እርሳስ አልገባ ሲለው ነጭ ትቶ ፈረመ። ላይደኖች በኮምፒውተር ሞልተውታል። እኔ የተሞላውን ነው የማስበልጠው፤ ሰውየው የጀመረውን ሐሳብ እስከ ጥጉ ያደርሰዋል።

ሠዓሊዋ፦ ደክሞትም ይሁን። የሚያልቅ እጅ ማለቂያ የሌለውን ነገር ሲጀምር የሆነ ቦታ ላይ ማቆሙ ግድ ነው፤ ያቆመበትን ቦታ ደግሞ በስሙ አሳወቀ። ኮምፒውተሩ ሲሞላው ሥዕሉ ተሟላ፣ ሰውየው ግን ጠፋ። የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፤ ራሱን ከሠራባቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፣ ነጩም መነካት የለበትም።

መምህሩ፦ እኔ በ1935ቱ እጸናለሁ። እዚያ ላይ ሒሳቡም ሙሉ ነው፣ ሰውየውም አልጠፋም። የላይደኑን ደግሞ ከጎኑ እሰቅለዋለሁ፤ ሁለተኛ እንጂ ሌባ አይደለም። ይህንን በመጽሐፍ ገጽ ላይ መፍረድ አይቻልም፤ ሥራዎቹ ካሉበት መሄድ ይሻላል። ሄግ ከተማ ውስጥ የንግሥት ኤማ የክረምት ቤተ መንግሥት የነበረው ቤት ከ2002 ጀምሮ የኤሸር ሙዚየም ነው።